ገንዳውን እጠሩ የሚል ሕግ የለም

ሆሎዌይ ውስጥ ቤት ያገኘነው ልጃችን መራመድ በጀመረ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ አጠገብ፣ ከዶሮ መጥበሻ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበርን። ልጁ መዳህ የተማረው በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ባለች ጠባብ ምንጣፍ ላይ ነው። ሃውዚንግ ከሚባለው ቤት አከራይ ድርጅት አንዲት ሴት ደውላ «ታችኛው ፎቅ ነው፤ ከኋላው ጋርደን አለው» ስትለኝ፣ ስለ ግድግዳው ሻጋታ ቀጥላ የነገረችኝን አልሰማሁም። ጋርደን የሚለውን ቃል ብቻ ይዤ ባለቤቴን ልቀሰቅስ ሮጥኩ። እሱ ያኔ ማታ ማታ ሚኒካብ ይነዳ ስለነበር ቀን ነበር የሚተኛው።

ጋርደኑ በሁለት በኩል የጡብ ግንብ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የእንጨት አጥር ነበረው። አጥሩ አርጅቶ ወደኛ ዘመም ብሏል፤ ግን ቆሟል። በመጀመሪያው ዊንተር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዕቃ እያጠብኩ ሳለ፣ ኃይለኛ ነፋስ ተነሳና አጥሩን ከነቋሚዎቹ ነቅሎ ሣሩ ላይ አስተኛው። ነፋሱ ጋብ ሲል ልጁን አቅፌ ወጣሁ። ያን ጊዜ ነው አጥሩ ምን ከልሎብን እንደኖረ ያየሁት።

ጎረቤታችን ያሉት ባልቴት የዋና ገንዳ ነበራቸው። ከተማው ዳር ባለ የሀብታም ግቢ ሳይሆን እዚያው ሆሎዌይ፣ አንድ አውቶቡስ ቢቆምበት በሚሞላ ጓሮ ውስጥ! ጓሮው ከጥግ እስከ ጥግ ተቆፍሮ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ሸክላ ተለብጦ፣ ውሃው ላይ የረገፈ ቅጠል ይንሳፈፋል። ከኩሽናችን በር እስከ ገንዳው ጠርዝ ምንም የሚያግድ ነገር የለም። ልጄ እጄ ላይ ሆኖ ውሃውን አየና «ባ! ባ!» እያለ መንፈራገጥ ጀመረ። ባኞ ማለቱ ነው። ከምግብ ሁሉ፣ ከአሻንጉሊት ሁሉ አስበልጦ የሚወደው ባኞ ነበር።

ያን ቀን የኩሽናውን በር ቆለፍኩና ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። ነገ ደውዬ አስጠግናለሁ ብዬ አሰብኩ። እስከዛሬ ሳስታውሰው የሚያስቀኝ ይሄ «ነገ» ያልኩት ነው።

የሃውዚንጉ ሰውዬ ስልኩን ሲያነሳ ጨዋ ነበር። አድራሻዬን ጠየቀኝ፤ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

«የቀኙ አጥር የኛ አይደለም። የጎረቤትዎ ነው» አለኝ።

«እሺ፣ ጎረቤቴን አስገድዱልኛ።»

«ማስገደድ አንችልም። በሁለት ቤት መሃል አጥር መኖር አለበት የሚል ሕግ የለም።»

«ከአጥሩ ማዶ ግን የዋና ገንዳ አለ! እኔ ሕጻን ልጅ አለኝ!»

«እሱን ለካውንስል ሪፖርት ያድርጉ» አለኝ።

ካውንስል፣ የአካባቢው አስተዳደር ጋ፣ ደወልኩ። የሕንፃ ቁጥጥር ክፍሉ፣ ገንዳው አዲስ የሚሠራ ከሆነ እንጂ ድሮ የተሠራን እኛ አናይም አለ። ጤና ጥበቃ ወደሚባለው አሻገሩኝ። እዚያ ያለችው ሴት ውሃው ይሸታል ወይ፣ አይጥ ይታያል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይሸትም አልኳት። «እንግዲያው ችግር የለውም» አለችኝ። ችግሩ ንጹሕ መሆኑ ነው፣ ልጁ ሊገባበት የሚፈልገው ንጹሕ ስለሆነ ነው ብዬ ብጮህ፣ ድምፄን ካላወረድኩ ስልኩን እንደምትዘጋው ነገረችኝ። ቀጥሎ የፕላን ክፍል። እዚያ ያለው ወጣት ስለ አጥር ብዙ ያውቃል። ከሁለት ሜትር የሚበልጥ አጥር ላቆም ካሰብኩ ፈቃድ አፕላይ ማድረግ እንዳለብኝ በዝርዝር አስረዳኝ።

«እኔ የምጠይቅህ እኮ ከፍ ስላለ አጥር አይደለም» አልኩት። «ጭራሽ ስለሌለ አጥር ነው።»

«ጭራሽ ላለመኖሩ ፈቃድ አያስፈልግም» አለኝ፤ ሲያሾፍ ደግሞ አልነበረም።

እንግዲህ ሴትዮዋን ራሳቸውን ላነጋግር ብዬ በፊት ለፊት በር ዞሬ አንኳኳሁ። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ አሳጥረው የተቆረጡ ሴት ናቸው። ገባ በይ ብለው ሻይ ሰጡኝ። ገንዳውን ሟቹ ባላቸው ናቸው በገዛ እጃቸው ቆፍረው የሠሩላቸው። ሰውየው ግንበኛ ነበሩ፤ የሠርጋቸውን ሃያ አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርገው ሁለት በጋ ሙሉ ቆፍረዋል። ሴትዮዋ በረዶ ካልሆነ በቀር በየጠዋቱ ይዋኛሉ።

«በጣም ያምራል» አልኳቸው። «ግን ልጄ ይገባበታል ብዬ ፈራሁ። አጥር ቢያደርጉበትስ?»

«አጥር ካደረግኩ ፀሐይ አያገኝም። ውሃው ይበርደዋል።»

«ዝቅ ያለ አጥርም ይበቃኛል።»

ሴትዮዋ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «ልጄ፣ እኔ ሦስት ልጆች እዚሁ አሳድጌአለሁ። አንድም አልሰጠመብኝም። ያንቺን ደግሞ ዋና አስተምሪው።»

ልጄ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው። የገዛ ጫማውን ቀኝና ግራ አይለይም። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ባለቤቴ በእረፍቱ ቀን ተነስቶ፣ ሰዎች መንገድ ዳር ከጣሉት ዕቃ ሁለት የቆዩ በሮች፣ አንድ የአልጋ ሽቦና የሱቅ መደርደሪያ አምጥቶ ክፍተቱን ዘጋው። ዓይን የሚያስጠላ ነገር ቢሆንም ይዘጋል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የኩሽናውን በር ከፍቼ ልብስ አሰጣሁ። ወር ሳይሞላው የሃውዚንጉ ሰውዬ ለሌላ ጉዳይ፣ ቦይለሩን ቼክ ሊያደርግ መጣና አየው።

«ይሄ አደገኛ ነው። ልጅዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል» አለ።

«ከማዶው ያለውስ?»

«ከማዶ ያለው የኛ ንብረት አይደለም።»

ሳምንት ቆይተው ሁለት ሠራተኞች በቫን መጥተው የባለቤቴን አጥር ጭነው ሄዱ። አንደኛው ገንዳውን ሲያይ አፏጨ። «ለሕጻን ጥሩ አይደለም ይሄ» አለኝ፤ የአልጋውን ሽቦ በትከሻው እንደተሸከመ። አዲስ አጥር በራሳችን ገንዘብ እንሥራ ብንል ደግሞ ተከራይ ወሰን ላይ የሚሠራው ነገር ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱን ለመስጠት የጎረቤት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ለውሃቸው ፀሐይ ይፈልጋሉ።

በመጨረሻ ኪልበርን ያለች ጓደኛዬ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቦታ አለ ብላ ወሰደችኝ። ጠበቃው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ላይ ቀለም ፈስሶበታል፤ ግን ከሁሉም በላይ ያዳመጠኝ እሱ ነበር። ተናግሬ ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦ በሌሎች አገሮች የቤት ገንዳ ይህን ያህል ቁመት ባለው አጥር ይከበብ፣ በሩ በራሱ የሚዘጋ ይሁን የሚል ሕግ አላቸው። እዚህ ግን የለም። ሰው በራሱ ግቢ ውስጥ ያለውን የዋና ገንዳ እንዲያጥር የሚያስገድደው የለም።

«ታዲያ ልጄ ቢገባበትስ?»

«እንደዚያ ዓይነት ነገር ከደረሰ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ያን ጊዜ መክሰስ ይችላሉ። አደጋ እንዳለ እያወቁ ሕጻን እንዳይደርስበት አላደረጉም ብሎ ፍርድ ቤት ሊፈርድባቸው ይችላል።»

«ከሞተ በኋላ ሕግ አለ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ባይሉት ጥሩ ነበር» አለኝ።

ጓደኛዬ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ያዘችኝ። እኔ ግን ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ ንዴቱ እንባዬን አድርቆታል። በአገሬ በቀላጤ ሲታዘዝ፣ በማኅተም ሲከለከል አድጌአለሁ። ከዚያ ሸሽቼ ነው የመጣሁት። አንድ ቀን ስልክ ላይ ተንጠልጥዬ እባካችሁ አንዱ ሰው ይዘዝልኝ፣ አንዱ ይከልክልልኝ ብዬ እለምናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እናቴ ልትጠይቀን የመጣችው ፀደይ ላይ ነው። ቪዛዋ የስድስት ወር ነበር። ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ኩሽና ገብታ በመስኮት አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የጎረቤት ገንዳ ነው እማዬ።»

«አጥሩስ?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሃውዚንጉ፣ ስለ ካውንስሉ፣ ስለ ጠበቃው። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ አንቺ ስልክ ትደውያለሽ?» አለችኝ።

በማግስቱ የኩሽናውን ወንበር ይዛ ወጣችና ልክ አጥሩ በነበረበት መስመር ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለገንዳው፣ ፊቷን ለልጁ። ልጁ ወደ ውሃው ሲሮጥ እግሯን ዘርግታ ታስቀረዋለች፤ በዚያ በኩል ሲዞር ከነወንበሯ ትንሸራተታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ ካልዘነበ እናቴ እዚያ ናት። ምስር እዚያ ትለቅማለች፤ ሽንኩርት እዚያ ትልጣለች። ቀዝቅዞ ሲውል የባለቤቴን ካፖርት ደርባ ትቀመጣለች። አገር ልታይ የመጣች ሴትዮ ናት እኮ! የንግሥቲቱን ቤት ላሳይሽ ብላት «ልጁን ማን ይጠብቀዋል?» ትለኛለች። አብሮን ይሄዳላ ብላት «ገንዳውስ?» አለችኝ፤ ገንዳው ተነስቶ የሚሄድ ይመስል።

ሕጻኑን ልታይ ቤታችን የምትመጣ ነርስ ነበረች፤ ሄልዝ ቪዚተር ይሏታል። እናቴን ወንበሩ ላይ አየቻትና ፈገግ አለች።

«በጣም ጥሩ መፍትሔ ነው» አለችኝ።

ይህን ያህል ተናድጄ የማውቅ አይመስለኝም።

የሚብሰው ደግሞ እናቴና ባልቴቷ መዋደዳቸው ነው። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም። ሴትዮዋ ጠዋት ዋኝተው ሲወጡ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እናቴ አጠገብ ይቀመጣሉ። እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ እናቴ በአማርኛ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ያወራሉ፤ ተራ ጠብቀው ይሳሳቃሉ። ገብቼ ላስተረጉም ስሞክር ሁለቱም እንደ መሰላቸት ይላሉ።

«እማዬ፣ አጥር አልሠራም ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው» አልኳት አንድ ቀን።

«አውቃለሁ። ነግሬአቸዋለሁ።»

«በምን ቋንቋ?»

«ተቆጥቼ ነዋ። ገብቷቸዋል።»

«ምን አሉሽ ታዲያ?»

«ብስኩት ሰጡኝ» አለችኝ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ልጁን ቁርስ እያበላሁ ሳለ እናቴ ከውጭ ጮኸች። ኡኡታ ነው። ለንደን ውስጥ ኡኡታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጁ ግን እቅፌ ውስጥ ነው፣ ገንፎው አገጩ ላይ አለ። እሱን እንደታቀፍኩ ወጣሁ። እናቴ ገንዳው ጠርዝ ላይ በደረቷ ተኝታለች። ቅጠል መልቀሚያውን፣ ባለ ረጅም ዘንግ መረብ፣ ወደ ውሃው ዘርግታለች። በሌላኛው ጫፍ ሴትዮዋ ዘንጉን በአንድ እጃቸው ይዘው ፊታቸው ከውሃው በላይ ብቅ ጥልቅ ይላል።

ልጁን ይዤ ተመልሼ ገባሁና ባለቤቴን ጠራሁት። ከእንቅልፉ በፒጃማው ተነስቶ ሮጠና ገባ። ውሃው ለሱ ደረቱ ድረስ ነው። ሴትዮዋን እንደ ሕጻን ታቅፎ አወጣቸው። የእግራቸው ጅማት ተኮማትሮባቸው ነው የሰመጡት። እናቴ እንዳለችው፣ ጀርባዋን ሰጥታ ብትቀመጥም የሚዋኙበትን ድምፅ ለምዳዋለች፤ ድምፁ ሲቋረጥ ዞረች።

ሴትዮዋን በእናቴ ጋቢ ጠቅልለን አምቡላንስ ስንጠብቅ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ የእናቴን እጅ አልለቅም አሉ። ወደኔ ዞር ብለው «ለልጄ እንዳትነግሩት» አሉኝ። እኛ አልነገርንም። ሆስፒታሉ ነገረው።

ልጃቸው ከለንደን ውጭ የሚኖር፣ ክራቫት የማይለየው ትልቅ ሰው ነው። እዚያ ቤት ስንኖር አይተነው አናውቅም ነበር። በሳምንቱ ከሠራተኞች ጋር መጣና ገንዳውን ዙሪያውን በብረት አጥር አሳጠረው። ከትከሻዬ ከፍ ይላል። በሩ በራሱ የሚዘጋ ነው፤ ቁልፍም አለው። ሠራተኞቹ ከጠዋት ጀምረው ለምሳ እንኳ ሳይቀመጡ ማታ ጨረሱት። ለማንም አልደወለም፤ ማንንም አላስፈቀደም። እኔ በኩሽናው መስኮት ቆሜ ሳየው ዋልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ እግሬን መሬት ላይ መምታት ነበር ያማረኝ። አጥር ማቆም ለካ የአንድ ቀን ሥራ ነው! ከነፋሱ ወዲህ ስንት ክፍል ደውያለሁ፣ ስንት ሰው ለምኛለሁ! የኔ ልጅ ይወድቅበታል ሲባል ፀሐይ ያስፈልገዋል የተባለው ውሃ፣ የሰጠሙት የሰውየው እናት ሲሆኑ በብረት ታጠረ።

ሰውየው ሊያመሰግነን መጣ። እናቴን ዝቅ ብሎ ጨበጣት።

«እናቴ ከእንግዲህ አትዋኝም» አለኝ። «ቁልፉን እኔ ይዤዋለሁ። ለርስዎም ልጅ ጥሩ ነው።»

«አዎ። እኔም እኮ ስለሱ ስጮህ ነበር» አልኩት።

«ለማን?» አለኝ። በእውነት አያውቅም። እናቱ አልነገሩትም።

ሴትዮዋ ከሆስፒታል ወጥተው አጥሩን አዩና ስልክ ላይ ከልጃቸው ጋር ሲጨቃጨቁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። «የገዛ ግቢዬ ውስጥ! ማን አዘዘህ? የትኛው ሕግ ነው?» ይላሉ። እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ «የለም! ምንም ሕግ የለም!» አልኩ፤ ማንም ባይሰማኝም።

ብዙም አልቆዩም፤ ቁልፍ ሠሪ አስመጥተው ቁልፉን አስቀየሩት። አንዱን ራሳቸው ያዙት፤ ሌላውን ለእናቴ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እናቴ በሩን ከፍታ ትገባለች፤ ከኋላዋ ትቆልፋለች፤ መረቡን ይዛ ጠርዙ ላይ ትቆማለች፤ ሴትዮዋ ይዋኛሉ።

«እማዬ፣ አንቺ ዋና አትችይም። ሁለታችሁም ትሰምጣላችሁ» አልኳት።

«ውሃው ለባልሽ ደረቱ ድረስ አይደል?»

«ላንቺ ግን አናትሽን ያልፋል!»

«እንግዲያው ባልሽ በጊዜ ይነሳ» አለችኝ።

ሳልወድ በግዴ የባለቤቴን ሰዓት ሞልቼ መቀስቀስ ጀመርኩ። እሱ በተኛ በሁለተኛው ሰዓት ይነሳና ዓይኑን እያሸ ኩሽና ውስጥ ይቀመጣል፤ ሴትዮዋ ሲወጡ ተመልሶ ይተኛል። የማንም ትእዛዝ አልነበረም፤ ግን ስንት ሰው አሰለፈ! ልጄ ብቻ ነው በነጻነት ሣሩ ላይ የሚሯሯጠው።

እናቴ መስከረም መጨረሻ ላይ ተመለሰች። ሁለቱ ሴቶች አጥሩ ሥር ተቃቅፈው ሲላቀሱ ታክሲው ቆሞ ረፈደብን። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ብቻቸውን አልዋኙም። በሚቀጥለው ዓመት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ ቤቱ ተሸጠ። የገዙት ወጣት ባልና ሚስት ገንዳውን በአፈር ሞልተው ድንጋይ አነጠፉበት። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ገንዳው ምን አደረጋቸው?» አለችኝ።

እኔን ግን የውሃ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም ነበር፤ ስለዚህ የሴቶች ዋና ትምህርት ተመዘገብኩ። የሰፈራችን የሕዝብ መዋኛ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ልብሴን ቀይሬ እያፈርኩ ስገባ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። መሮጥ ክልክል ነው። መገፋፋት ክልክል ነው። ዘሎ መግባት ክልክል ነው። መጮህ፣ መብላት፣ ማጨስ፣ መሳሳም ሁሉ ክልክል ነው። ለእያንዳንዱ ሥዕል ተስሎለታል። እርጥብ ወለል ላይ ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ እንደገናም አነበብኩት። ፊሽካ ያንጠለጠለች አስተማሪ መጣች።

«እመቤት፣ እዚህ መቆም አይፈቀድም» አለችኝ። «ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ።»

ገባሁ።